አዳማ ላይ የመኪና ጂፒኤስ ለምትፈልጉ ሹፌሮች፦ ይቺን ልጅ ሳታዩ እንዳትገዙ

ሰላም ወገኖች። እኔ የሰው ጽሁፍ አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ፍራንኮ አካባቢ ከመኪና ዲኮር ቤቶቹ ኋላ ገባ ብላ የመኪና ኤሌክትሪክና ጂፒኤስ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም፣ ስጠይቃት "ኧረ ጋሼ በሰው ፊት አያውጡኝ" ብላ እየሳቀች ከለከለችኝ፣ ሱቋን መጠቆም ግን አልከለከለችም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ ያሳደጓትንም ይባርክ።

ሥራዬን ልንገራችሁና ነገሩ ይግባችሁ። አይሱዙ ነው የምነዳው። ከአዳማ የአትክልት ዘር፣ ችግኝ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የመስኖ ቱቦ እጭንና ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ አንዳንዴም በዴራ በኩል እስከ አሰላ ለገበሬዎች አደርሳለሁ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ማሳው አስፋልት ዳር አይደለም። አድራሻው "ከመስጊዱ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ አንድ ትልቅ ግራር አለ፣ ከሱ አለፍ ብለህ ጠይቅ" ነው። ስሄድ ግራሩ ተቆርጦ ይጠብቀኛል። ችግኝ ደግሞ እኔ መንገድ ስጠይቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፣ ይጠወልጋል፣ የጠወለገውን ገበሬው አይረከብም፣ ጭቅጭቁ እኔ ላይ ነው። ስልክህን ተጠቀም ትሉኝ ይሆናል፣ ተጠቅሜያለሁ እኮ፣ በቆላው ሙቀት ይግልና ራሱን ያጠፋል፣ ወደ ማሳው ገባ ስል ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ባለበት ደግሞ ደንበኛ ይደውልና ካርታው መገንጠያው ላይ ስደርስ ይሸፈናል።

እና ጂፒኤስ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ያየሁትን አትዩ። ከተማውንም ሱቁንም አልጠራም፣ ሰው ስም ማጥፋት አልፈልግም፣ ግን አንጀቴ አሁንም አልራሰም። አንዱ ጋ "ኦሪጅናል ነው፣ አውሮፓ ያለ ሹፌር የሚይዘው ነው" ብሎ ትልቅ ስክሪን ሸጠልኝ፣ ያውም ሳይጠይቀኝ የቤት መኪና የ12 ቮልት ቻርጀር ሰጥቶኝ። የኔ አይሱዙ 24 ቮልት ነው። ሞጆ ሳልደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ረዳቴ ውሃ ይዞ ዘለለ። ይዤ ስመለስ ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "መኪናህ ነው ያበላሸው"! ሌላ ቻርጀር በሌላ ብር ሸጠልኝ። እሺ ብዬ ይዤ ወጣሁ፣ በፈጣን መንገዱ ወደ ቢሾፍቱ ስሄድ ቀስቷ እርሻ መሃል ትሄዳለች። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ሥራ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ማፑ ግን አያውቀውም! እኔ አስፋልት ላይ ነኝ፣ እሱ "ወደ መንገድ ተመለስ" ይለኛል። አዲሱን የሞጆ ባቱ መንገድማ ተዉት። ማፑን አድስልኝ ስለው ሌላ ብር አለኝ፣ ተውኩት።

ሌላኛው ደግሞ ባሰ። ጂፒኤስ ግጠምልኝ አልኩት፣ እሺ ብሎ ዳሽቦርዱን ፈታ፣ ሲም ካርድ ያላት ትንሽ ጥቁር ነገር ውስጥ ቀበረና "አለቀ አባት" አለኝ። ስክሪኑስ ስለው "ስልክህ ላይ መኪናህ የት እንዳለ ታያለህ" አለኝ። እኔ የምፈልገው የምሄድበትን፣ እሱ የሸጠልኝ ያለሁበትን! ያለሁበትማ መቼ ጠፋኝ። ብሬን መልስ ብለው "ሽቦው አንዴ ተቆርጧል፣ አይመለስም" ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ መናገር አቃተኝ።

በመጨረሻ አንድ አባዱላ የሚነዳ ወዳጄ ነው ወደዚች ልጅ የላከኝ። እውነቱን ለመናገር ልብም አልነበረኝም፣ እንደገና ልዘረፍ ነው እያልኩ ነው የሄድኩት። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ነው የሚቆመው። ስገባ የሆነ ዕቃ አውጥታ ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር አወጣችልኝና "ጋሼ መኪናው 12 ነው 24?" አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ ነው ልቤ የወደዳት። ያ ሁሉ ብር የበላኝ ሰው ያልጠየቀኝን እሷ ከሰላምታ ቀጥላ ጠየቀችኝ። ከዛ "የት የት ነው የሚሠሩት? አስፋልት ለአስፋልት ነው ወይስ ማሳ ይገባሉ? ማታ ይነዳሉ? መነጽር ያደርጋሉ?" እያለች አስለፈለፈችኝ፣ እኔም የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት።

መደርደሪያው ላይ አንድ ትልቅ ጋርሚን የሚባል ጂፒኤስ አይቼ ያንን ስጪኝ አልኳት። ለጭነት መኪና ተብሎ የተሠራ ነው፣ የመኪናውን ቁመትና ክብደት ትሞላበታለህ፣ በማያስገባው መንገድ አይወስድህም። ሌላ ቦታ ቢሆን ይሄኔ ተጠቅልሎ እጄ ላይ ነበር። እሷ ግን "ጋሼ፣ ይሄ የሚጠቅመው ካርታው ላይ የድልድዩ አቅምና ከፍታ ተሞልቶ ከሆነ ነው። እርስዎ በሚገቡበት ማሳ ያንን ማን ሞላው? ለማይሠራልዎት ነገር ለምን ይከፍላሉ?" አለችኝ። ሻጭ ናት እኮ! ውዱን ልግዛ እያልኳት አትግዛ የምትል ሻጭ አዳማ ላይ አለች።

የሰጠችኝ በጣም ትንሽ ከፍ ያለ ስልክ የሚያክል፣ ያገለገለ ጋርሚን ነው። ውስጡ የነበረውን አሮጌ ማፕ ትታ ሌላ ማፕ በሜሞሪ ጫነችልኝ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል፣ በዓለም ዙሪያ ሰዎች በነፃ የሚሞሉት ነው አለችኝ። እንዴት እንደጫነችው አትጠይቁኝ፣ ላፕቶፗ ላይ ስትነካካ ቆየች፣ አለቀ። ዳታ ስንት ይበላል ብዬ ስጠይቃት ምንም አለች። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው የሚዞሩት፣ ዕቃው ቢያንስ 4ቱን ካገኘ ቦታህን ያውቃል፣ ሳተላይት ብር አይጠይቅም፣ ስልክህ ላይ ዳታ የሚበላው ካርታውን ከኢንተርኔት ሲያወርድ ነው፣ እዚህ ካርታው አብሮህ ነው አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ መጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

የማሳዎቹን አያያዝ ደግሞ ከሁሉ በላይ። ገበሬው በቴሌግራም ሎኬሽኑን ይላክልህ አለችኝ፣ የቦታውን ሁለት ቁጥር፣ መጀመሪያ ኬክሮሱን ቀጥሎ ኬንትሮሱን፣ አስገባና በስሙ ሴቭ አድርግ፣ ካልላከልህ ደግሞ መጀመሪያ የሄድክ ቀን በሩ ላይ ቆመህ ሴቭ አድርግ። አዳማ 8.54 እና 39.27 አካባቢ ናት፣ ቅደም ተከተሉን እንዳትስቱ። ቢገላበጥስ ብዬ ስጠይቃት ገልብጣ አሳየችኝ፣ ጣሊያን አገር ሰርዲኒያ የሚባል ደሴት ላይ ወጣ! ሁለታችንም ሳቅን፣ ደጅ የቆመው ሰውዬ ምን ሆኑ ብሎ አንገቱን አስገባ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ዋጋው ስንት ነው ብዬ እጄን ኪሴ ሳስገባ "አሁን አይክፈሉኝ ጋሼ" አለችኝ። "ተቃጥለው ነው የመጡት። ይውሰዱት፣ ሥራዎን ይሥሩበት፣ ሰሞኑን መቂም ባቱም ይሂዱበት፣ ካልሆነልዎት ይመልሱልኛል፣ ከሆነልዎት ሲመለሱ ይከፍሉኛል።" እኔ ዝም አልኩ። መታወቂያዬን ልተውልሽ ብላት "ታርጋዎን አይቻለሁ" ብላ ሳቀች። አታውቀኝም እኮ! ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየችኝ። ሌላው ብሬን ተቀብሎ ፊቱን ሲያዞርብኝ ይቺ የልጄ እኩያ ዕቃዋን ሰጥታ በባዶ እጇ ሸኘችኝ። ወጥታ ራሷ ገጠመችልኝ፣ ዓይኔን እንዳይጋርደኝ የፊት መስታወቱ ላይ ወደ ግራ ዝቅ አድርጋ፣ የ24 ቮልቱን ቻርጀር ሰክታ፣ በእጇ እየነካች ሙቀቱን እስክታረጋግጥ አልሄደችም።

ሥራ ላይ እንዴት ሆነ ካላችሁ፣ ተመስገን ነው። ፈጣን መንገዱንም ያውቃል፣ የሞጆ ባቱውንም ያውቃል። ጂፒኤሱ ውስጥ መንገድ የምትናገረው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ ረዳቴ እየተከተለ "ራይት ጋሼ፣ ራይት" እያለ ይተረጉምልኛል፣ የማይፈለግ ትርጉም ነው ግን ይደሰትበት። ልጅቷ አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች፣ "አጭር መንገድ አለ ሲልዎት ክረምት ላይ አይመኑት፣ እሱ ጭቃ አያውቅም፣ ገበሬውን ደውለው ይጠይቁ" ብላ። ልክ ናት፣ ዓለም ጤና አካባቢ አንዱን አቋራጭ አሳየኝ፣ ደውዬ ስጠይቅ ትራክተር ራሱ ተቀርቅሮበታል አሉኝ።

በወጣትነቴ የአሰብ መንገድ ረዳት ነበርኩ። ሹፌሬ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ከሚሌ ወዲያ በሌሊት ተራራውን አይቶ ብቻ ስንት ሰዓት እንደቀረን ይነግረኝ ነበር፣ ወረቀት ላይ አንድም ነገር የለውም፣ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ ሁላችንም ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በጋላፊ መንገድ ዞርን፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ አረፈ፣ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ሄደ። ይሄን ገንዘቧን ልከፍል የተመለስኩ ቀን አጫወትኳት፣ ሥራ ይዛ ነበር፣ ግን ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ምንም አላለችም፣ "ያስገቧቸውን ማሳዎች በሙሉ ይስጡኝ" ብላ ተቀብላኝ በሌላ ሜሞሪ ገልብጣ "ይሄኛው ቤት ይቀመጥ፣ ነገ ሌላ ሹፌር ቢተካዎት ከዜሮ አይጀምር" አለችኝ። ለዛ ብር አልቀበልም አለች። ገንዘቡንም ስነግራችሁ፣ መጀመሪያ ለተቃጠለው ከከፈልኩት በጣም ያነሰ ነው።

እና ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ለሥራ የምትነዱ ሁሉ ሂዱላት፣ እባካችሁ ሂዱላት። እንዲህ ዓይነት ሰው ሥራ አጥቶ ሱቅ ሲዘጋ ማየት አልፈልግም። አይሱዙም ሲኖም ያላችሁ 24 መሆኑን ንገሯት፣ ብትረሱም ራሷ ትጠይቃችኋለች። የምትሠሩባቸውን ቦታዎች ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ብቻዋን ነው የምትሠራው፣ ስለዚህ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ሰው ይበዛባታል። ቪትዝ ላይ ለሙዚቃና ለፊልም ትልቅ ስክሪን የምትፈልጉ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ እሷ አትይዝም። የሱቋን ትክክለኛ ቦታ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ሎኬሽኑን እልክላችኋለሁ፣ አሁን እሱን አውቄበታለሁ። ቅናሽ ግን አትጠይቋት፣ መጀመሪያ የምትናገረው ዋጋ የመጨረሻው ነው።