ሰደርያ ለብሶ «መሪ ውሻ» እየተባለ የሚሸጠውን ውሻ እንዳትገዙ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልዲያ ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ዓይነ ስውር አባት፣ እናት ወይም ልጅ ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታስተላልፉ። ሻጩን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ «ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ፣ ወረቀት ያለው» እያለ ቡችላ የሚቸበችበው ዓይነት ሰው ነው። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ይቀበላል፣ ውሻውን በካርቶን አድርጎ በሚኒባስ ይልካል፣ ውሻው የታመመ ቀን ስልኩ ዝግ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ገበያ አግኝቷል። ያንኑ ውሻ ቀይ ሰደርያ ያለብሰዋል፣ ፎቶ ያለበት ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥልለታል፣ ከዚያ «ለዓይነ ስውራን የሰለጠነ፣ ባንክም ሆቴልም ሆስፒታልም የሚገባ፣ ዓለም አቀፍ መታወቂያ ያለው መሪ ውሻ» ብሎ 95,000 ብር ይጠራበታል። ሰደርያው ቢወልቅ የዋጋውን ሩብ የማያወጣ ውሻ ነው።

የሰሞኑ ተበዳይ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ነጭ በትራቸውን ይዘው ፒያሳን ብቻቸውን የሚያቋርጡ፣ ባጃጅ ከየት በኩል እንደሚመጣ በድምፁ የሚለዩ ሰው። ብሩን የላከችላቸው አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጃቸው ናት፤ «አባዬ መንገድ ላይ እንዳይወድቅብኝ» ብላ። ማሳያው የተደረገው ሻጮቹ በተከራዩት ግቢ ነው። የልጅ ልጃቸው አብራቸው ሄዳ ነበር፤ በሩ ላይ ግን «ውሻው አዲስ ሰው ሲያይ ይረበሻል፣ አንቺ ውጭ ጠብቂ» ተብላ ቀረች። አዲስ ሰው አይቶ የሚረበሽ ውሻ ሰኞ ገበያን እንዴት አድርጎ ነው የሚያሻግረው? ደግነቱ ልጅቷ ስልኳን በቆርቆሮው በር ሽንቁር አስጠግታ ቀርጻለች። አያቷ ደስ ብሏቸው ስለነበር ለማስታወሻ ብላ ነው የቀረጸችው፤ ምን እንደቀረጸች የገባት ማታ ቤት ቁጭ ብላ ስታየው ነው።

መምህሩ በግራ እጃቸው እጀታውን ይዘዋል። ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ባዶ በርሜልና የተጋደመ መሰላል ተደርድሯል። ሻጩ ጮክ ብሎ «ፎርዋርድ!» ሲል ውሻው ተነሣ። ከውሻው አፍንጫ ሁለት እርምጃ ፈንጠር ብሎ አንድ ልጅ በባዶ እግሩ የኋሊት ይሄዳል፤ በእጁ ፌስታል አለ፣ ፌስታሉ ውስጥ የተቀቀለ ሳንባ። ልጁ ወንበሩን ሲዞር ውሻው ይዞራል፣ ልጁ ሲቆም ውሻው ይቆማል። የመምህሩን ጆሮ ምንም አያመልጠውምና «ይሄ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሻጩ ዓይኑን ሳያሽ «ነፋስ ነው ጋሼ፣ አጥሩ ላይ ላስቲክ ወጥረናል» አላቸው። ልጁ አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ፤ ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በርሜሉ ጋ ሲደርሱ ውሻው በጠባቡ በኩል ሾለከና የመምህሩ ቀኝ ትከሻ ከበርሜሉ ጋር ተላተመ። ሻጩ ሮጦ በርሜሉን በእግሩ ገፋ አደረገና «አይዞዎት፣ እርስዎ ነዎት ወደ ቀኝ የጎተቱት፣ ይለምዱታል» አላቸው። ብሩ የተላለፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ያ በርሜል ብቻውን ይበቃል። ምግብ ተከትሎ የሚሄድ ውሻ የሚያሳልፈው የራሱን ገላ ብቻ ነው። መሪ ውሻ ግን ከጎኑ የሚሄደውን ሰው ስፋትና ቁመት ጨምሮ እንዲያሰላ ተደርጎ ነው የሚሰለጥነው፤ እሱ የሚያልፍበት ክፍተት ሰውየውን የማያሳልፍ ከሆነ ይዞራል ወይም ይቆማል። ሱቅ ደጃፍ ላይ የተዘረጋ ሸራ ወይም ዝቅ ብሎ የወጣ የጣሪያ ቆርቆሮ ለውሻው ምኑም አይደለም፣ ከሥሩ ያልፋል፤ ለሰውየው ግን ግንባር የሚፈነክት ነው፤ የሰለጠነው እዚያ ጋ ይቆማል። ደረጃና የአስፋልት ጠርዝ ላይም እንዲሁ። ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ቦይ ፊቱ ካለ ጌታው «ቀጥል» ቢለው እንኳ እምቢ ማለት አለበት፤ ከስልጠናው ሁሉ ከባዱ ይህ እምቢታ ነው። መንገድ ማቋረጥ ላይ የሚወስነው ሰውየው ነው፤ የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ «እንሂድ» ይላል፣ ውሻው መኪና ሲመጣ ካየ ይከለክለዋል። መብራት አያነብም፣ አድራሻም አያውቅም። «ቤቴ ውሰደኝ ካሉት ይወስድዎታል» ያለ ሻጭ ዋሽቷል። በነጭ በትር መንገዱን የማያውቅ ሰውም መሪ ውሻ ቢሰጡት አይጠቀምበትም።

እጀታውን ደግሞ እዩት። የእውነተኛው እጀታ ትከሻው ላይ ከታሰረው ቀበቶ ጋር የተያያዘ፣ የማይተጣጠፍ ጠንካራ ዘንግ ነው፤ ውሻው ትከሻውን ትንሽ ባዞረ ቁጥር መዞሩ ለሰውየው መዳፍ የሚደርሰው በእሱ ነው። ለመምህሩ የተሸጠው የናይለን ጠፍር የውሃ ቱቦ ቁራጭ ተከቶበት ነው። ሲያዝ ጠንካራ ይመስላል፣ ውሻው ሲዞር ግን ጠፍሩ ይጠመዘዛል እንጂ እጅ ላይ የሚደርስ ነገር የለም።

«የተጠቃሚ ስልጠና» ያሉት ደግሞ ምን መሰላችሁ? የእንግሊዝኛ ትእዛዞች የታተሙበት አንድ ገጽ ወረቀት። ለዓይነ ስውር ሰው፣ በቀለም የታተመ ወረቀት! ሥራው ባለበት አገር ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ለአንድ ቤተሰብ ይሰጥና ከዓመት በላይ ቤት፣ አውቶቡስና ገበያ እየለመደ ያድጋል። ከዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ ወራት ይሰለጥናል፣ በመጨረሻ ከሚመራው ሰው ጋር ለሳምንታት አብረው ይማራሉ። ሥራ ሲጀምር ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ወጪው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ አሜሪካና እንግሊዝ ያሉት የታወቁ ትምህርት ቤቶች ግን ለዓይነ ስውሩ የሚሰጡት በነጻ ወይም ለስም ያህል ክፍያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ጀርመን ኦልደንቡርግ ላይ የመጀመሪያው የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት ሲከፈትም በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተብሎ ነው። በግማሽ ሰዓት ማሳያ ውሻ አስረክቦ የሚሄድ የለም።

በማግስቱ መምህሩ ውሻውን ይዘው ባንክ ሄዱ። ውሻው ሰልፉ መካከል ሽንቱን ለቀቀ፣ ከዚያ ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ላይ ዘሎ ወጣ። ሰው ተተራመሰ። ጥበቃው አስወጣቸው፤ ትክክል ነው፣ አይፈረድበትም። ካርዱን ቢያሳዩትም «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» አላቸው፤ እዚህም ላይ ትክክል ነው።

ካርዱ ላይ «ኤዲኤ ሬጅስተርድ» የሚል ጽሑፍና የንስር ምስል አለ። ኤዲኤ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፤ ደሴ ላይ አይሠራም። የሚያናድደው ግን በዚያው በአሜሪካም እንዲህ ያለ ምዝገባ አለመኖሩ ነው። ሕጉ ምዝገባም፣ ካርድም፣ ሰደርያም አይጠይቅም። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን ሰርተፍኬት የአገሪቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት አያውቀውም። የሱቅ ወይም የሆቴል ሠራተኛ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነወይ፣ ምን ሥራ እንዲሠራስ ሰለጠነ? ውሻው ከቁጥጥር ውጪ ከሆነና ባለቤቱ ካልገታው፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚጸዳዳ ከሆነ፣ የእውነት የሰለጠነ ቢሆን እንኳ ይውጣ ሊባል ይችላል። ብዙ ግዛቶች የቤት ውሻን አጋዥ ውሻ ነው ብሎ ማቅረብን በቅጣት ከልክለዋል። «አውሮፕላን ላይም በነጻ ይገባል» የሚሏት ነገርም ያረጀች ናት፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ለስሜት ድጋፍ ብቻ የሚያዝን እንስሳ አየር መንገዶች እንደ አጋዥ ውሻ የመቀበል ግዴታ እንዳይኖርባቸው አድርጋለች፣ ለሰለጠነ ውሻም ቢሆን ቅጽ ማስሞላት ይችላሉ። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ተደራሽ እንዲሆኑ ይላል፣ ሕያው ረዳትንም፣ ማለትም እንደ መንገድ መሪና አንባቢ ያለውን፣ ይጠቅሳል። መብቱ የሰውየው ነው። ውሻ ነጋዴ ላሚኔት አድርጎ የሚሸጠው አይደለም።

የክትባት ደብተሩ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሁለት ጊዜ፣ በዓመት ልዩነት ተወግቷል ይላል። የእንስሳት ሐኪም አፉን ከፍቶ ሲያይ ቀጭኗ የወተት ክራንቻ ከአዲሱ ጥርስ ጎን ገና ቆማለች። የውሻ ቋሚ ጥርስ በሰባት ወር ገደማ ተሟልቶ ያልቃል፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ተኩል የተባለው ውሻ የስድስት ወር ቡችላ ነው። የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ታዲያ ያ ደብተር የማን ነው? ሕጻናት ያሉበት ቤት ነው ያስገቡት!

ሊያስመልሱ ሄዱ። መጀመሪያ ደጅ አስቆሟቸው። ከዚያ አንዱ ስልኩን እየነካካ ቀና ሳይል «ውሻውማ አዋቂ ነው፣ መመራት የማያውቁት እርስዎ ነዎት» አላቸው። ሌላኛው ቀጠለና «ለምን ዓይን ያለው ሰው ይዘው አልመጡም ታዲያ?» አለ። ልጅቷን በር ላይ ያስቀሩት እነሱ ናቸው እኮ! ቪዲዮው ሲከፈትላቸው «ልጁ የግቢው ጠራጊ ነው» አሉ። ደረሰኝ ሲጠየቁ «የውሻ ደረሰኝ የት አገር አለ» ብለው ተሳሳቁ።

የሚጎዱት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ አንድ ነገር ነበር። ያ ጥበቃ ከዚያ ቀን ወዲህ በትር ብቻ የያዘውንም ዓይነ ስውር «ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» እያለ ያቆማል። ነገ የእውነት የሰለጠነ ውሻ የያዘ እንግዳ ቢመጣ ማን ያስገባዋል? ወሎ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብስ ይጠነክራል። ዓርብ ለጁምዓ ነጭ ለብሶ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ላይ ውሻ ምራቁን ቢያሳርፍበት ልብሱን ሳያጠብ አይሰግድበትም። የሰለጠነ ውሻ ታክሲ ውስጥ ከጌታው እግር ሥር ተኝቶ ማንንም አያሸትም፣ አይልስም። በሰደርያ ያጭበረበረው ግን ያን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ አገር ውስጥ አንድ ቡችላ ለቆ ሄደ።

ለማንኛውም፣ ውሻ ልግዛ ካላችሁ ሻጩንና ረዳቶቹን ሁሉ ከውሻው ኋላ አስቁሙ፣ እጃቸውን ባዶ አድርጉ፣ እናንተ በመረጣችሁት ውሻው በማያውቀው መንገድ አስኪዱት፤ መንገዱ ላይ ቁራሽ ሥጋ ጣሉ። ዓይኑ የሚያይ ሰው አጠገባችሁ ካልቆመ ውል የለም። ጥርሱን የእንስሳት ሐኪም ይይ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል፤ ስለዚህ ማስታወቂያውን ከማጥፋታቸው በፊት ስክሪንሾት አንሡ፣ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ፣ ከተማችሁ ንግድ ቢሮ አመልክቱ። ውሻው ቤት ገብቶ ከሆነ ደብተሩን እርሱትና እንደ አዲስ አስከትቡት። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

ማስታወቂያው አሁን ወልዲያና ሐይቅ እየተለጠፈ ነው፤ ያው ቀይ ሰደርያ፣ ያው የንስር ካርድ። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ቀሪውን አታስተላልፉ።