«በጃፓን የታገደ ፊልም» እየተባለ ለሚሸጠው ዲስክ ገንዘባችሁን አታውጡ

የድሮ የጃፓን አስፈሪና የምርመራ ፊልም ለሚሰበስብ ሰው የዳይሬክተር ኢሺ ቴሩኦ «ኪዮፉ ኪኬይ ኒንገን» ትልቅ ምኞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የጃፓናዊውን ደራሲ የኤዶጋዋ ራምፖን ታሪኮች አዋህዶ የተሠራ ሲሆን፣ የቡቶ ውዝዋዜ መሥራቹ ሂጂካታ ታትሱሚም ይተውንበታል። ቶኤይ የተባለው ፊልም ሠሪ ድርጅት ለአሥርተ ዓመታት ጃፓን ውስጥ በቪዲዮ ስላላወጣው ስሙ ገነነ። አጭበርባሪዎች የሚነግዱት በዚህ ስም ነው።

«ታግዷል» የሚለው ወሬ ግን ጊዜው አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ ዲቪዲ ወጥቷል፤ በ2017 ቶኤይ ራሱ አሳትሞታል፤ በ2018 ደግሞ ብሉሬይ ተከትሏል። በውድ የሚቀርብላችሁ «ብቸኛ ቅጂ» በአብዛኛው ከእነዚህ ከአንዱ የተቀዳ ዲስክ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የዲስኩን የታችኛውን ገጽ ብርሃን ላይ አዘንብሎ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ሻጩን ጠይቁት። በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ብርማ ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ካደላ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም፤ የታተመው መረጃውን በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ሲይዝ፣ የተቀዳው የሚይዘው ሙቀትና ፀሐይ በሚያበላሹት ቀለም ላይ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ መሐል ላይ ሊቆምባችሁ ይችላል። ብርማ መሆኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ፎርጅድ የሚያትሙ ፋብሪካዎችም አሉ።

ሪጅኑንም፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚለየውን ቁጥር፣ እዩ። የጃፓን ዲቪዲ ሪጅን 2 ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ሪጅን 5። «የጃፓን ኦሪጅናል ነው፣ በሁሉም ማጫወቻ ይሠራል፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም አለው» ከተባላችሁ ተጠራጠሩ፤ የጃፓን እትሞች ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የላቸውም።

ፖስተር ላይ ማጭበርበሩ ይከፋል፣ ምክንያቱም የሚጠየቀው ገንዘብ ከዲስኩ ይበልጣል። የተለመደው የጃፓን ሲኒማ ፖስተር ቢ2 ነው፤ 51.5 በ72.8 ሴንቲ ሜትር። 61 በ91 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለግድግዳ ጌጥ የሚታተም የዘመኑ መጠን ነው። መጠኑ ልክ ከሆነም በአሥር እጥፍ ማጉያ ሌንስ ከታች ያሉትን ደቃቅ ጥቁር ፊደላት ተመልከቱ። በድሮው የኦፍሴት ማተሚያ ጥቁሩ ድፍን ቀለም ሆኖ ጠርዙ ጥርት ይላል። ከስካን የተባዛው ላይ ፊደሉ ራሱ ከባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ስካን የተደረገው ፖስተር ታጥፎ የቆየ ከሆነ ደግሞ የእጥፋቱ መስመር በምስሉ ላይ ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስ ግን ወረቀቱ ለስላሳ ነው።

ሻጩ የጠየቃችሁትን ፎቶ ካልላከ፣ ወይም ገንዘብ በማያስመልስ መንገድ ካልላካችሁ ካለ፣ ግዢውን እዚያው አቁሙት።