ለኪው ቤተ መዛግብት ባለሙያ ምስጋና፤ በጦርነት ከአውሮፕላን ጋር የወደቀ አያት ለምትፈልጉ ደግሞ ጥቆማ

ለንደን፣ ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል ውስጥ የጦር ኃይል መዛግብትን ለሚያማክሩት ሴት እግዜር ይስጥልን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። ሥራቸው ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት የሆነ ወዳጃችን የእናቱን አባት ሲፈልግ ኖሯል። አያቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሮያል ኤር ፎርስ፣ ማለትም የእንግሊዝ አየር ኃይል፣ አብራሪ ነበሩ። ከሱዳን ተነስተው ጣልያንን ሊመቱ ወደ እኛ ሰማይ ገቡ፣ ከነጓዶቻቸው ወደቁ፣ አለቀ። ቤተሰቡ ዘንድ የቀረው አንድ የሠርግ ፎቶ፣ አንድ ቴሌግራም እና "አቢሲኒያ" የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ከኪው በፊት የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። "ሙሉ ፋይሉን አወጣልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የተቀበለ አገልግሎት ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ የላከው ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው የኮመንዌልዝ የጦርነት መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነጻ የሚያየው መረጃ፣ ሁለተኛው ደግሞ "መዝገብ አልተገኘም" የሚል ወረቀት። "የት ፈልጋችሁ ነው ያጣችሁት?" ተብለው ሲጠየቁ መልስ የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ከአንዱ ኢሜይል ወደ ሌላው ሲያንከባልሉት ከርመው በመጨረሻ "የሟቹን የሞት የምስክር ወረቀት አምጣ" አሉት። በአገልግሎት ላይ ለሞተ ወታደር የማይጠየቅ ወረቀት! እንዲህ ያሉትን ስም አልጠራም፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የት የት እንደሚፈልጉላችሁ በጽሑፍ አስነግሯቸው።

ባለሙያዋ ጋ የወሰደው ጊዜ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። መጀመሪያ የጠየቁት ቁጥር ሳይሆን ፎቶ ነው። የሠርጉን ፎቶ አይተው ክንዱ ላይ ያለውን ሦስት ረድፍ ምልክት ጠቆሙ፤ ሙሽራው ሳጅን ነው። የመቃብር ኮሚሽኑ ዝርዝር ላይ ግን ማዕረጉ ፓይለት ኦፊሰር የተባለ የመኮንን ማዕረግ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሁለት የመለያ ቁጥር ነበራቸው፣ አንዱ የተራ አባል፣ አንዱ የመኮንን። ፈላጊዎቹ የያዙት የመኮንኑን ቁጥር ነበር፤ የተራ አባላትን ማውጫ በእሱ ሲያገላብጡ ባዶ መውጣቱ አይገርምም። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያገናኘው ለንደን ጋዜት የተባለው የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ሳጅን ሆኖ ቆይቶ መኮንንነት ያገኘ ሰው ሹመቱ ሲታወጅ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ቁጥር ከስሙ በፊት፣ አዲሱ በቅንፍ ይሰፍራል። ጋዜጣው በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። ይህን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ማለት የወራት ልፋት ማዳን ማለት ነው።

የመዛግብቱን ቅደም ተከተል እንዳስረዱን እጽፋለሁ፤ ለሌላም ይጠቅማል።

መነሻው የመቃብር ኮሚሽኑ ዝርዝር ነው። እዚያ ስም፣ ማዕረግ፣ ቁጥር፣ የስኳድሮን (የበረራ ክፍሉ) ቁጥር እና ቀን ይገኛል። ስካን የተደረጉትን የድሮ ቅጾች ሳታዩ አትውጡ፤ ጎን ለጎን የተቀበሩ ወይም የጋራ መቃብር ያላቸው አብረው የወደቁ ጓዶች ሊሆኑ ይችላሉ። መቃብሩ የማይታወቅ ከሆነ ስሙ በሐውልት ላይ ነው ያለው። በምዕራብ አውሮፓ የጠፉት እንግሊዝ አገር ራኒሚድ ላይ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሶማሌ ምድርና በሱዳን የጠፉት ግን ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜን ሐውልት ላይ ናቸው። ብዙ ቤተሰብ አላሜን የሚለውን ሲያይ "በረሃ ውስጥ ሞተ" ብሎ ይደመድማል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር።

ከዚያ የስኳድሮኑ የሥራ መዝገብ ይከተላል። በኪው አከፋፈል ኤር 27 ይባላል፤ በድረ ገጹ ላይ ስትፈልጉ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። በውስጡ ሁለት ቅጽ አለ። ፎርም 540 የዕለቱን ጠቅላላ ሁኔታ ይናገራል። ፎርም 541 ደግሞ የእያንዳንዱን በረራ አውሮፕላን፣ ሠራተኞች፣ የተነሳበትን ሰዓትና የተመለሰበትን ሰዓት ይዟል። ያልተመለሰ አውሮፕላን የመመለሻ ሰዓቱ ሳጥን ባዶ ነው። ወዳጃችን ያን ባዶ ሳጥን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ፤ ባለሙያዋም አላቻኮሉትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። አባሪዎች፣ ማለትም የተልዕኮ ሪፖርቶችና ትእዛዞች፣ ብዙ ጊዜ ሌላ የመዝገብ ቁጥር አላቸው፤ ዋናውን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ትቷል። ከስኳድሮኑ ተነጥሎ ሌላ ሜዳ ላይ የሰፈረ ቡድን ከሆነ ዋናው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ ስኳድሮኖቹን የሚያዘውን የበላዩን ክፍል፣ የግሩፑን መዝገብ፣ ኤር 25ን፣ ማየት ነው። በሱዳን በኩል ይህ ካርቱም የነበረው 203ኛ ግሩፕ ነው። የሌሊት በረራ ከሆነም የተነሳበት ቀንና የሞተበት ቀን አንድ ላይሆን ስለሚችል ከፊትም ከኋላም ያለውን ቀን ግለጡ።

የሱዳኑ ግንባር ቦምብ ጣዮች በብዛት ዌልስሊ የተባሉ አንድ ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ነበሩ። 14ኛ፣ 47ኛ እና 223ኛ ስኳድሮኖች ይነዷቸው ነበር። ከደቡብ፣ ከኬንያ በኩል የበረረ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል አባል ከሆነ ግን ኪው ብዙ አይጠቅምም፤ መዝገቡ ያለው ፕሪቶሪያ፣ የመከላከያው ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው። የአውስትራሊያ ሰው ከሆነም የራሳቸው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኤ705 በሚባለው ክፍል የሟቾችን ፋይል ይዟል።

የልብ የሆነው መዝገብ ኤር 81 ነው። የአየር ሚኒስቴሩ የሟቾችና የቁስለኞች ክፍል ለእያንዳንዱ አደጋ ይከፍተው የነበረ ፋይል ነው። ለሕዝብ የሚከፈተው በቀን ቅደም ተከተል እየተሠራ ስለሆነ የጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ቀድመው ወጥተዋል። በሰው ስም፣ በአውሮፕላኑ መለያ ቁጥር ወይም በቀን ይፈለጋል። ስም ካልወጣ በአውሮፕላኑ ቁጥር ሞክሩ፤ የስም ፊደል ይሳሳታል፣ ቁጥሩ ግን የመሳሳት ዕድሉ ያነሰ ነው። የዌልስሊ ቁጥር አንድ ፊደልና አራት አሃዝ ነው። አውሮፕላኑ ጎን ላይ በትልቁ ከሚጻፈው የስኳድሮን ፊደል ጋር እንዳታምታቱት።

አሁን ወደ ደግነታቸው ልምጣ። ፋይሉ ከመጋዘን ሲመጣ ባለሙያዋ ለወዳጃችን አልሰጡትም። "እንዲህ ያሉ ፋይሎች ውስጥ ስለ አስከሬን የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ከፈቀዱልኝ ቀድሜ ልየውና የትኛው ገጽ እንደሆነ ልንገርዎት" አሉት። ቁጭ ብለው ገጽ በገጽ አነበቡ። ሁለት ገጽ ላይ ነጭ ወረቀት አስገቡበት፤ "እነዚህን ዛሬ ባያዩአቸው ምንም አይጎድልብዎትም" ብለው ዳር ወዳለ ጠረጴዛ አዛወሩት። የሥራ ዝርዝራቸው ላይ የተጻፈ አይመስለኝም። እጃቸው ይባረክ።

ፋይሉ ውስጥ የአያትየው ሚስት ለአየር ሚኒስቴር የጻፉት ደብዳቤ ነበር፤ ከነእጅ ጽሑፋቸው። "እንደሞተ ተቆጥሯል" የሚለው የመንግሥት ደብዳቤም ነበር። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር ተጠብቆ የሚጻፍ ስለሆነ በላዩ ያለውን ቀን የሞተበት ቀን አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ከሁሉ በላይ ግን የአገሬው ሰው አውሮፕላኑ ሲወድቅ አይቶ ሟቾቹን እንደቀበረ የሚናገር አንድ ገጽ ነበር።

የቦታው ስም በሦስት ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፏል። እዚህ ላይ እኛ አማርኛ የምንናገር ሰዎች ከማንኛውም ተመራማሪ እንበልጣለን። መዝጋቢዎቹ በጆሮ የሰሙትን ነው የጻፉት፤ አንዳንዱን ደግሞ ከጣልያን ካርታ ገልብጠውታል። ጣልያን ከረንን በሲ እና በኤች ስለሚጀምረው እንግሊዛዊ አንባቢ "ቸረን" ይለዋል። ጭልጋን በሲ ብቻ ስለሚጽፈው "ሴልጋ" ይሆንባቸዋል። ባለሙያዋ ይህን ያውቁ ነበርና ወዳጃችንን "ጮክ ብለው ያንብቡልኝ" አሉት። ሦስቱን ሲያነብ ሦስቱም አንድ ቦታ ሆኑ። የቦታውን ስም ግን አልጽፍም፤ ብረት ለቃሚ እንዳይቀድመን።

የአገር ሽማግሌ ስትጠይቁ ዘመኑን አትርሱ። ጣልያን ጦርነቱን ያወጀበት ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም እ.ኤ.አ. 10 ጁን 1940 ነው። 1933 ዓ.ም ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው እ.ኤ.አ. 1940፣ የቀረው 1941 ነው። "በ33 ነው የወደቀ" ያለ ሰው የትኛውን ግማሽ እንደሆነ በአዝመራ ወይም በበዓል አስለዩት። "እንደ ቅርጫት የተሸመነ ብረት ነበር" ካሏችሁ ጆሯችሁን ስጡ፤ ዌልስሊ ባርነስ ዋሊስ የነደፈው፣ ቀጫጭን ብረት እንደ መረብ ተሰላልፎ በጨርቅ የተሸፈነ አውሮፕላን ነው። የአብዛኞቹ ሌሎች ስብራት እንዲያ አይመስልም።

ስለ ግል የአገልግሎት መዝገብ፤ ከመከላከያ ሚኒስቴር ወደ ኪው የማዘዋወሩ ሥራ በ2022 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረ የእናንተ ሰው መዝገብ አሁን የትኛው ጋ እንዳለ ጠይቁና ከዚያ አመልክቱ። የአደጋ ካርዱ፣ ፎርም 1180፣ ለንደን ሄንደን ያለው የሮያል ኤር ፎርስ ሙዚየም ዘንድ ነው። የበረራ ደብተሩን ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉበት፤ ቤተሰብ ያልወሰዳቸው ደብተሮች ጥቂት ናሙና ቀርቶ በ1960 አካባቢ ተወግደዋል።

ኪው ስትሄዱ የአንባቢ ካርድ ለማውጣት ስማችሁንና አድራሻችሁን የሚያሳዩ ሁለት ማስረጃዎች ያዙ። ፋይሉን ቀድማችሁ እዘዙ። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም። በስልክ ፎቶ ማንሳት በነጻ ነው፣ ያለ ፍላሽ። ያልሄደም ሰው በድረ ገጻቸው በኩል መጠየቅ ይችላል። ስትጠይቁ ግን "ስለ አያቴ ንገሩኝ" አትበሉ፤ ሙሉ ስም፣ የምታውቁትን ማዕረግ፣ ቀን እና ፎቶ ካለም የልብሱን ምልክት ጻፉ። ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ አይሰለቹም!

ስብራት ያያችሁ ከሆነ አትንኩ። ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት ሊኖር ይችላል፣ የሰውም አጽም ሊኖር ይችላል። ጉዳዩ የሚመለከተው የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር የሟቾች ጉዳይ ማዕከል ነው፤ ግሎስተር ነው ያለው። ወዳጃችን ወደዚያው ጽፏል። ከደብዳቤው ጋር የሦስቱ ገጾች ቅጂ ተያይዟል፤ በባለሙያዋ ምክርም የቦታው ስም ከሦስቱ አጻጻፎች በላይ፣ በአራተኛነት፣ በአማርኛ ፊደል ሰፍሯል።