ዓይኔንም መጋዜንም ላተረፈችልኝ ልጅ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ባለሙያ ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው። ፒያሳ ካሉት መነጽር ቤቶች በአንዱ የምትሠራ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም ዓይን መርምራ መነጽር የምታዝ ባለሙያ ናት። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ።

የእንጨት ሥራ ፍቅር ያወረሰኝ አባቴ ነው። ማስተማር ስጀምር ግን ጊዜ አጣሁ፤ መጋዙም መሮውም ሳጥን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ዘንድሮ ጡረታ ስወጣ መጀመሪያ የከፈትኩት ያንን ሳጥን ነው። እናቴ ዳዊቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነው የምትደግመው። አሁን ጉልበቷ ደክሟል። አትሮንስ ልሠራላት ቆርጬ ደረቅ የዋንዛ ጣውላ ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። አዘዞ ጓሮዬ ካለችው የቆርቆሮ ቤት ገብቼ ሥራ ጀመርኩ።

ዓይኔ ዱሮም አቧራ አይችልም። የበጋ ነፋስ ሲነሣ ይቀላል፣ ያሳክከኛል፣ እንባው አያቆምም። በሦስተኛው ቀን ሰጋቱራው ገባበትና ሌሊቱን አሸዋ የተበተነበት ይመስል ሲቆረቁረኝ አደረ። ጠዋት ሽፋሽፍቴ ተጣብቆ በለብ ባለ ውሃ ነው ያስለቀቅኩት። ቤተሰቡ ሁሉ "ይቅርብህ" አለኝ። እኔ ደግሞ አንድ መድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ የሸጠልኝን ጠብታ እየጨመርኩ ቀጠልኩ። ቅላቱን ወዲያው ስለሚያጠፋው የዳንኩ ይመስለኝ ነበር።

መነጽር ቤት የሄድኩት የማንበቢያ መነጽሬን ላስቀይር ብቻ ነበር። ልጅቷ ዓይኔን እንዳየች "ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት? የሚጨምሩት ጠብታስ አለ?" አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ጽሑፉን አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስቴሮይድ የሚባል፣ ቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት አለበት። እንዲህ ያለው ጠብታ ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታና የዓይን ሞራም ሊያመጣ እንደሚችል ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የዚያን ቀን መነጽር አልሸጠችልኝም። "መጀመሪያ ግፊትዎ ይለካ፣ ጠብታውን እንዴት እንደሚተዉትም ሐኪም ይንገርዎት" ብላ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ላከችኝ። ተመስገን፣ ግፊቱ ደህና ሆነ። ጠብታው ተቀየረ፤ ለድርቀቱም ሰው ሠራሽ እንባ ታዘዘልኝ።

ስመለስ "ሲሠሩ የሚያደርጉትን መነጽር ያምጡልኝ" አለች። አመጣሁላት። አድርጌው ሳለ ጣቷን በጉንጬና በመነጽሩ ጠርዝ መካከል አሳለፈችው። "ጋሼ፣ ጣት ከገባ ሰጋቱራ አይገባም?" ያንን ጣት አልረሳውም። ለካ ያ መነጽር የሚፈናጠር ስንጣሪ ይመልሳል እንጂ ብናኝ አይከለክልም።

የሚያስፈልገኝ ዙሪያውን ለስላሳ ላስቲክ ያለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ጎግል ነው። የዓይን መነጽሬን እንዳደረግሁ ከላይ መደረብ አለበት። የአየር ቀዳዳውንም እንዳየው ነገረችኝ። ቀዳዳው ቀጥታ ክፍት ከሆነ ብናኙ ያው ይገባል። ጭራሽ ከሌለው ደግሞ በላብና በትንፋሽ ይደበዝዛል፣ በደበዘዘ መነጽር መጋዝ መያዝ ደግሞ ጣት ያስቆርጣል። ስለዚህ ክዳን ያለው፣ አየሩ ዞሮ የሚገባበት ዓይነት ነው የሚሻለው። እሷ ጋ አልነበረም። የሌላትን ልሽጥ ሳትል የግንባታ ዕቃ ከሚሸጡበት እንድፈልግ ነገረችኝ። አገኘሁት።

አወላለቁንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ብርጭቆ ወረቀት የሚያወጣው ብናኝ ከመጋዙ ይልቃል፤ ስለሚደቅ ሥራው ካለቀ በኋላም አየር ላይ ይንሳፈፋል። እዚያው ቆሜ ጎግሉን ካወለቅሁ ምን ጠቀመኝ? አሁን ውጭ እወጣለሁ፣ ልብሴን አራግፋለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ በማሰሪያው አወልቀዋለሁ፤ ግንባሬ ላይ ያለው ወደ መሬት ይወርዳል። ወለሉን በመጥረጊያ ማስነሣት ትቼ በእርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ። ፀጉሬንም ሳልታጠብ አልተኛም፤ ትራስ ላይ የረገፈው ሌሊት ዓይን ውስጥ ይገባል። ድንገት ከገባ ማሸት የለም፣ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። የተሰካ ነገር ካለ ግን ሳይነኩ ወደ ሆስፒታል።

ማስክም አትርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ በተለይ ለአፍንጫ። ይህን አናጺ ወንድሞቼ ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ዓይናቸውን ሲሠሩ እያየሁ አዝናለሁ።

አትሮንሱ ባለፈው ሳምንት አለቀ። እንደ መቀስ ይከፈታል፣ ዳዊቱም ልክ ገባበት። እናቴ ጠርዙን በመዳፏ ዳሰሰችና "ዓይንህስ?" አለችኝ። ደህና ነው አልኳት፤ ስለ ልጅቷም ነገርኳት።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ "አምጣትና ልመርቃት" ብላለች። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ቡና አለ፤ አዘዞ መጥተሽ ደውይልኝ፣ መንገድ ድረስ ወጥቼ እቀበልሻለሁ።