ባለ 42 ወይስ ባለ 60? የአየር ጠመንጃ አፈሙዝ ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ረጅም አፈሙዝ የተሻለ ያስመታል የሚባለው ነገር በአየር ጠመንጃ ላይ አልታየም። ረጅሙ የሚቆጥበው አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየር በላብ የሚገዛ ነው።

መሣሪያው በታመቀ አየር የሚሠራ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ሬጉሌተር (የአየሩን ግፊት እኩል አድርጎ የሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ) ያለው ነው። አፈሙዙ ተፈትቶ ይቀየራል፤ አንዱ 42፣ ሌላው 60 ሳንቲ ሜትር። በ10 ሜትር የተተኮሰው ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ምድር ቤት መጋዘን፣ በ50 ሜትር የተተኮሰው ከከተማ ውጭ ነው። የፈቃዱ ጉዳይ ከሁሉም ይቅደም፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብቦ፣ ሳይገዙ በፊት ፖሊስን መጠየቅ ነው።

የባሩድ ጠመንጃ ለምዶ የመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ከአፈሙዙ ርዝመት እያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይጨምራል። ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ተቃራኒው ነው። ፒስተኑ የሚገፋው አየር ጥቂት ስለሆነ እርሳሷ (የአየር ጠመንጃ ጥይት) ፍጥነቷን በመጀመሪያው 25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ትጨርሳለች፤ የቀረው ብረት ሞላውን ለመወጠር እንደ ዘንግ ከማገልገል አያልፍም። የታመቀ አየር የሚጠቀመው መካከል ላይ ይውላል። ቫልቩ ከተዘጋ በኋላም የገባው አየር መስፋፋቱን ይቀጥላል፤ የ42ቱ ቀዳዳ 6.7 ሲሲ፣ የ60ው 9.5 ሲሲ ይይዛል። ያው አየር በረጅሙ ውስጥ ብዙ ሥራ ሠርቶ፣ ግፊቱ ወርዶ ስለሚወጣ ጩኸቱም ይቀንሳል። ግድግዳ ከተጋሩ ጎረቤቶች ጋር ለሚኖር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሬጉሌተሩም ሆነ ቫልቩን መትቶ የሚከፍተው የመዶሻ ሞላ ሳይነካ፣ 0.67 ግራም እርሳስ ከ42ቱ በሰከንድ 218 ሜትር፣ ከ60ው 243 ሜትር ወጣች። በጁል ሲሰላ ወደ 16 እና ወደ 20 ነው። ደስ ይላል፤ ግን በዓለም አቀፉ የፊልድ ታርጌት (ሜዳ ላይ በተለያየ ርቀት ያሉ ዒላማዎችን የመምታት) ውድድር የጉልበት ጣሪያው 16.3 ጁል ገደማ ስለሆነ ትርፉ እዚያ አያገለግልም። ስለዚህ የ60ውን የመዶሻ ሞላ አላልቶ ወደ 16 ማውረድ ግድ ነው፤ የአየር ቁጠባውም የሚገኘው ያኔ ነው። ከአንድ ሙሌት ይወጣ የነበረው 45 ተኩስ ወደ 55 ከፍ ብሏል።

አሁን ወደ ፓምፑ። ከተማዋ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሩብ ገደማ ያንሳል። የእጅ ፓምፕ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በመመሪያው 100 ምት የተባለው እዚህ 130 ይሆናል። በየ40 ምቱ ማረፍና ፓምፑን ማቀዝቀዝ፣ እርጥበት ማስወጫውንም መክፈት ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄን የዘለለ ሰው የጠመንጃውን የአየር ቱቦ ከውስጥ ያዝገዋል። አየር በሚያልፍበት ቦታ የሲሊኮን ቅባት ብቻ! የሞተር ዘይት ወይም ተራ ግሪስ በታመቀ አየር ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል።

ከፍታው ሌላም ነገር አለው፤ ይሄኛው ጥቅም ነው። ቀጭን አየር እርሳሷን ብዙ አይዛትም። በባሕር ወለል የተዘጋጀ የመውደቅ ሠንጠረዥ (እርሳሷ በየርቀቱ ምን ያህል ዝቅ እንደምትል የሚያሳይ) ይዞ የሚተኩስ ሰው በ50 ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይመታል፤ የጎን ነፋስ የሚገፋት ርቀት ደግሞ በሩብ ገደማ ያንሳል።

በ10 ሜትር ውድድር ረጅሙ ምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። እዚያ 10 ነጥብ የሚያሰጠው የዒላማው መሃል ስፋቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሳሷ በሰከንድ 175 ሜትር አካባቢ ትወጣለች። ተጨማሪው 18 ሳንቲ ሜትር ብረት እርሳሷን አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ውስጥ ያቆያታል፤ ቆሞ የሚተኩስ ሰው እጅ በዚያች ቅጽበትም ይንቀሳቀሳል። የውድድር ጠመንጃዎች ረጅም የሚመስሉት አፈሙዛቸው ረዝሞ ሳይሆን በአብዛኛው 42 ሳንቲ ሜትር የሆነው አፈሙዝ ጫፍ ላይ ባዶ ቱቦ ስለሚቀጠል ነው። ቱቦው የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያን ያራርቃል። ደንቡ ከመሣሪያው ኋላ እስከ ቱቦው ጫፍ 85 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል።

ጠንካራነትም አለ። ውፍረቱ እኩል ከሆነ 60ው ጫፉ ላይ በተመሳሳይ ጉልበት ወደ 3 እጥፍ ይታጠፋል። ቪትዝ መኪና ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ አጋድመው አንድ ኮረብታ ከወጡ በኋላ ምቱ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል፤ 42ቱ ላይ ይሄ አልታየም።

ሲቀየር የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ አየር ወደ አፈሙዙ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ኦሪንግ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት። የአፈሙዙ ጠርዝ ስለት ስላለው ሲገባ ይላጨዋል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ከተኩስ ተኩስ በሰከንድ 10 ሜትር ያህል መዋዠቅ ይጀምራል፣ ሰውም ሬጉሌተሩን ይወቅሳል። ኦሪንጉን ሲሊኮን ቀብቶ፣ አፈሙዙን እያሽከረከሩ ማስገባት ነው። ምትኩ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ለዚህ ቦታ 70 ሾር (የጎማ ጥንካሬ መለኪያ) ይበቃል፤ 200 ባር ግፊት ለሚይዘው የአየር ቱቦ ግን 90 ሾር ካልሆነ ጎማው ተጨምቆ ይወጣል። ጭንቅላት የሌላቸው ማሰሪያ ብሎኖች በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠበቁ። ከቅያሪ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 20 እርሳሶች አይቆጠሩም፤ ማነጣጠሪያው የሚስተካከለው ከዚያ ነው።

ከዒላማው ኋላ 3 ሚሊ ሜትር ብረት፣ ከብረቱ ፊት በቡትቶ የታጨቀ ሳጥን ይኑር፤ እርሳስ ከድንጋይ ግድግዳ ነጥሮ ይመለሳል። የዓይን መከላከያ መነጽርም አይቅር። ደግሞ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ የለም፣ እርሳስ መርዝ ነው።

ለ10 ሜትር ብቻ ከሆነ 42ቱ ጫፉ ላይ ከሚቀጠለው ባዶ ቱቦ ጋር ይበቃል። 10 ሜትሩንም 50 ሜትሩንም በአንድ አፈሙዝ ለሚፈልግ 50 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያለው ይሻላል፤ ግን ሲገዙ 50 የሆነውን እንጂ 60ውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቆረጥ አይደለም። ብዙ የአየር ጠመንጃ አፈሙዞች የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ላይ ሆን ተብሎ ጠበብ ይላሉ፤ እርሳሷን አስተካክሎ የሚለቃት ያ ጠባብ ቦታ ነው። ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል፤ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ በጥንቃቄ ቢለሰልስ እንኳን አይመለስም።