ቅዳሜ ጠዋት ልጄን የምወስድላቸው እናት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምትኖሩ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ።

አምና የጥቁሮች ታሪክ ወር ሲመጣ የስድስት ዓመት ልጄን ይህንኑ ታሪክ ለልጆች የሚያስተምር አንድ ቦታ ከፍዬ አስመዘገብኳት። ስሙን አልጠራም። ሕፃናቱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኝተው «አሁን የባሪያ መርከብ ውስጥ ናችሁ» አሏቸው። የስድስት ዓመት ልጅ! ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ካልበራ አልተኛም አለች። ሄጄ ስጠይቅ «ታሪክ እኮ ነው» ተባልኩ። ሌላም ቦታ ሞክሬያለሁ፤ እዚያ ደግሞ የታተመ ወረቀት ከለር አስቀብተው ይሸኟቸዋል፣ የማንን ፊት እንደቀባች እንኳን አታውቅም። ገንዘቤም አንጀቴም ተቃጠለ።

እኚህን እናት የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ናቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ስምንት ልጆች ብቻ ተቀብለው የጥቁሮችን ታሪክ በእጅ ሥራ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ስለ ቤንጃሚን ባኔከር ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ በፈረንጆቹ 1731 የተወለደ፣ ገና በወጣትነቱ እንጨት ጠርቦ ሰዓት የሠራ ሰው ነው። በ1791 ደግሞ የዋሽንግተንን ወሰን ከለኩት አንዱ ነበር። ልጆቹ ከካርቶን ጥርስ ያላቸው ክቦች ቆርጠው ያያይዛሉ፤ አንዱ ሲዞር ሌላውን ያዞረዋል። እንዴት እንደሚገጥም እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ልጄ ግን መቀሱን አልነካም አለች። ቀስ ብላ «እሱንም አስረውታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። በሩ ላይ ቆሜ ክው አልኩ። እሳቸው ወንበር ስበው አጠገቧ ቁጭ አሉ። «አይ የኔ ልጅ፣ እሱ ነፃ ሆኖ ነው የተወለደው። የታሰሩ ብዙ ነበሩ፤ የእነሱን ቀስ ብለን አብረን እናወራለን። ዛሬ የእሱን ሰዓት እንሥራ» አሏትና አንዷን ክብ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። አልዋሿትም፣ አላስፈራሯትምም። በጣቷ ስትገፋት ሁለተኛዋ አብራ ዞረች፤ ልጄ ሳቀች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ሌላ ቅዳሜ ኢትዮጵያዊ መሆናችንን አስታውሰው የጆን ሮቢንሰንን አውሮፕላን በእንጨትና በወረቀት አሠሯቸው። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በፈረንጆቹ 1935፣ ከአሜሪካ መጥቶ ለኢትዮጵያ የበረረው ጥቁር አብራሪ ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ እዚያው አዲስ አበባ እንደተቀበረ የሰማሁት ሜሪላንድ ውስጥ ከእሳቸው አፍ ነው። ማታውኑ አባዬ ጋ ደወልኩ። ያውቀው ኖሯል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራልኝ፣ ልጄም አውሮፕላኗን ይዛ አጠገቤ ሆና ሰማች።

ዋጋቸው ሌላ ቦታ የከፈልኩትን ግማሽ አይሆንም። ልጆቻችሁን ውሰዷቸው፣ በእውነት ውሰዷቸው! ለሚቀጥለው ዙር ሦስት ቦታ ቀርቷቸዋል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጽሁፍ ነገ በእንግሊዝኛ አነብላቸዋለሁ።