ሁለቱ የቦስተን ብዕሮች

ቦብ ራያንና ዳን ሾነሲ ለረጅም ዓመታት በአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ፣ በቦስተን ግሎብ፣ የስፖርት ዓምደኞች ሆነው ቢሠሩም በአንባቢ ዘንድ ያተረፉት ስም ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በተለማማጅነት ገብቶ የቅርጫት ኳሱን ቡድን ሴልቲክስን በመከታተል የታወቀው ራያን ጨዋታውን ራሱን የሚያፈቅር ጸሐፊ ነው፤ ሾነሲ ደግሞ የክለብ ባለቤቶችንና ተጫዋቾችን መሸንቆጥ ይቀናዋል። የቤዝቦሉ ቡድን ሬድ ሶክስ ኮከቡን ቤብ ሩትን ለተቀናቃኙ የኒውዮርክ ቡድን ለያንኪስ ከሸጠ በኋላ እስከ 2004 ድረስ ዋንጫ እንደናፈቀ መቅረቱን «እርግማን» እያለ በሰፊው ያስተጋባው እሱ ነው፤ ብዙ ደጋፊም በዚህ ቂም ይዞበታል። የሬድ ሶክስ ተጫዋች የነበረው ካርል ኤቨረትማ ለሌላ የግሎብ ጋዜጠኛ ሲናገር፣ ስሙን እንኳ ሳይጠራ፣ «ጸጉረ ጥቅልሉ ፍቅረኛህ» ብሎ አላግጦበታል፤ ቅጽሉም ተጣብቆበት ቀረ። የሚገርመው፣ በ2003 በቴሌቪዥን ስለ አንድ ተጫዋች ሚስት በተናገረው ክፉ ቃል ለአንድ ወር ያለ ደመወዝ የታገደው ነገረኛው ሾነሲ ሳይሆን ጨዋው ራያን መሆኑ ነው። የጨዋታን ውስጠ ነገር ለመረዳት ራያንን እመርጣለሁ፤ ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት ግን እጄ ቀድሞ የሚገልጠው የሾነሲን ዓምድ ነው።